የጭፈቃ ቀፎ በቤተሰብ እጅ፦ ከርብራብ ልኬት እስከ ማር ቆረጣ

ጭፈቃ ከቀጭን እንጨት ተጎንጉኖ በጭቃ የሚመረግ የንብ ቀፎ ነው፤ የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው ገበሬ ጓሮ ውስጥ አለ። ቀጭን እንጨት ከአጥር ዳር፣ እበት ከበረት፣ አመድ ከምድጃ፣ ጭድ ከአውድማ ይገኛል፤ ከገበያ የሚገዛው ጥቂት ሚስማርና ሲባጎ ነው። ባለፍሬም ዘመናዊ ቀፎ ጥሩ ቢሆንም የተላገ ጣውላ፣ የሰም ማተሚያና የማር ማውጫ ማሽን ይፈልጋል፤ ሁለት ሦስት ቀፎ ለሚይዝ ቤተሰብ ወጪው ቶሎ አይመለስም። ባህላዊው ድብልብል ቀፎ ደግሞ ርካሽ ነው እንጂ ውስጡ አይታይም፤ ማሩን ለማውጣት እጩንም የሰም እንጀራውንም አብሮ መናድ ግድ ይላል። ጭፈቃ በሁለቱ መሃል ነው፤ የግብርና ባለሙያዎች የሽግግር ቀፎ ከሚሉት ወገን ይመደባል።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር እንያዝ። የዚህ ቀፎ ግድግዳ ቢወላገድ፣ ምርጊቱ ቢሻክር፣ ክዳኑ የሳር ቢሆን ንቦቹ ይችሉታል። የማይችሉት የርብራቡን፣ በአፉ ላይ የሚደረደረውን ጣውላ፣ ስፋት ስህተት ነው። ስለዚህ ሥራው ከጭቃ ሳይሆን ከሜትር ይጀምራል።

መቼ ይሠራል?

በደጋና በወይና ደጋ ዋናው የአበባ ወቅት ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ አደይ አበባውና መጩ ይቀድማል፣ ኑጉ ይከተላል። ቀፎው ለዚያ መድረስ አለበት። ጭቃ ግን በክረምት አይደርቅም። እንግዲህ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ የእርሻ ሥራ ገና ሳይጠና፣ ሠርቶ አድርቆ ክረምቱን ከጣሪያ ሥር ማሳለፍ ይሻላል። በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ግንቦትና ሰኔም ማር ስለሚቆረጥ፣ የዚያ አገር ሰው ቀደም ብሎ በታኅሣሥና በጥር ቢጨርሰው ይመረጣል።

ርብራቡ

ርብራብ የምለው በቀፎው አፍ ላይ ጎን ለጎን የሚደረደረውን ቀጭን ጣውላ ነው። ንቦቹ እንጀራቸውን ከዚህ ላይ አንጠልጥለው ወደ ታች ይሠራሉ። ልኩ ርዝመት 48 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋት 3.2 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረት ከ1.5 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር። ለአንድ ቀፎ 30 ይበቃል።

ለምን 3.2? የእኛ አገር ንብ አንዱን እንጀራ ከሠራች በኋላ የሚቀጥለውን የምትጀምረው ከመሃል እስከ መሃል ሲለካ በዚህ ገደማ ርቀት ላይ ነው። የአውሮፓ ንብ ገዘፍ ስለምትል 3.5 ይለካላታል፤ ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ ልኬት ይዞ የሚመጣ አናጢ ካጋጠማችሁ እዚህ ላይ አትስሙት። ርብራቡ ሰፊ ከሆነ ንቦቹ በትርፉ ቦታ ሌላ እንጀራ ይጀምራሉ፤ ጠባብ ከሆነ አንዱ እንጀራ ሁለት ርብራብ ላይ ያርፋል። በሁለቱም መንገድ እንጀራው ይጣመርና አንዱን ስታነሱ ሌላው አብሮ ይቀደዳል፣ ማሩ ይፈሳል፣ ንቡ ይቆጣል። ያኔ ቀፎው በቅርጹ ጭፈቃ፣ በጠባዩ ባህላዊ ቀፎ ሆኖ አረፈ ማለት ነው።

እንጨቱ የደረቀ ይሁን። ጽድ፣ ግራቪሊያ ወይም በደንብ የከረመ ባሕር ዛፍ ይሆናል። እርጥብ ባሕር ዛፍ አንድ ወር ሳይቆይ ይጠማዘዛል፤ ዛሬ ቀጥ ብሎ የተደረደረው ነገ በመሃሉ ብርሃን ያሳያል።

አለካኩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንድ ቁራጭ ጣውላ በትክክል 3.2 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ላጉና መለኪያ አድርጉት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ርብራብ በሜትር ሳይሆን በዚህ መለኪያ ይፈተሻል፤ በሜትር ደጋግሞ መለካት ሚሊ ሜትር እየሰረቀ ይሄዳል። አሥር ሲሞላ ጎን ለጎን ገጥማችሁ ለኩ፤ 32 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለበት። 33 ከመጣ አንዳንዱ ሰፍቷል፣ መላጊያ ይነካው። ሠላሳው አንድ ላይ 96 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህን የማጣራት ሥራ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅ ስጡት፤ ትልቅ ሰው ሰልችቶት «ይሁን» የሚለውን ልጅ አያልፍም።

በእያንዳንዱ ርብራብ ሆድ ላይ፣ ልክ በመሃሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጭን የሰም መስመር ይፈስሳል። ንቦቹ መጀመሪያ የሚነኩት ያንን ነው፤ መስመሩ ቀጥ ካለ እንጀራውም ቀጥ ይላል። በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዉ። ሰሙን ለማቅለጥ ቆርቆሮውን በፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት እንጂ እሳት ላይ አትጣዱት፤ ሰም ሲነድ የሚያጠፋው ውሃ አይደለም፣ ጭራሽ ያብሰዋል።

አጽሙ

አሁን ሣጥኑ በርብራቡ ልክ ይሠራል። የውስጥ ርዝመቱ 97 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ አንዷ ትርፍ ለእጅ ማንቀሳቀሻ ናት። የላይኛው አፍ ከውስጥ 44፣ የታችኛው ወለል 18፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር። ርብራቡ 48 ስለሆነ በሁለቱም ጎን ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ጠርዝ ላይ ያርፋል።

ጎኖቹ ወደ ታች እየጠበቡ የሚሄዱት ለውበት አይደለም። ንብ ያለ ገደብ ስትሠራ እንጀራዋ ራሱ ወደ ታች እየጠበበ ነው የሚንጠለጠለው፤ ግድግዳው ያንን ቅርጽ ከተከተለ እንጀራውን ከግድግዳው ጋር የማጣበቅ ፍላጎቷ ይቀንሳል።

አውራ ጣት ከሚያህል እንጨት ሁለት የጫፍ ቅርጾችን ሥሩ፦ ላይ ሰፊ፣ ታች ጠባብ። ሁለቱን በአራት ረጃጅም እንጨቶች አያይዙ፣ ሁለት ላይ ሁለት ታች። የላይኞቹ ሁለቱ ቀጥ ያሉ መሆን አለባቸው፣ ርብራቡ የሚቀመጠው እነሱ ላይ ነውና፤ ሌላው ቢንሻፈፍም ግድ የለም። ቀጥሎ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ከላይኛው ወደ ታችኛው ቋሚ ዘንግ እሰሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የቤት ግድግዳ የማገረ ሰው የሚያውቀው ነው፦ ጣት የማይሞላ የክትክታ ቅርንጫፍ፣ ስንጥቅ ሸምበቆ ወይም ሽመል በቋሚዎቹ መሃል ፊትና ኋላ እያሉ መጎንጎን። ጠበቅ አድርጋችሁ ጎንጉኑ፤ ሰፊ ክፍተት ምርጊቱን አይሸከምም። ወለሉንም እንዲሁ።

ከፊት ለፊቱ ጫፍ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ መውጫና መግቢያ ቀዳዳዎች ይተዋሉ። አምስት ስድስት ቢሆኑ፣ ስፋታቸውም አንድ ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ሲሰፋ ጥንዚዛና እንሽላሊት ይገባል፣ ጥቂት ንብ ያለበት ቀፎም በሩን መጠበቅ ያቅተዋል። በምርጊት ጊዜ እንዳይደፈኑ እርሳስ የሚያህል ዱላ ሰክታችሁ ተዉና ሲጠነክር ንቀሉት።

ምርጊቱ

እዚህ ላይ የሚያዘው ቤት መርጋ የምታውቀው እማወራ ናት፤ ባል አፈርና ውሃ ያመላልስ። ቀይ ሸክላማ አፈር ይመረጣል። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና ብቻውን አይሆንም። ቀዩ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተደባልቆ፣ በውሃ ርሶ፣ በየቀኑ እየተረገጠ ሦስት አራት ቀን ይቡካ። ልጆች ከሁሉ የሚወዱት ይህን ነው።

«እማዬ፣ አልበቃም?»

«ገና ነው ልጄ፤ ጭዱ ለብቻው ይታየኛል።»

መድረሱን ለማወቅ ጣት የሚያህል አድርጋችሁ አድበልብሉትና አጥፉት። ከተሰነጠቀ ያልቦካ ወይም አሸዋ የበዛበት ነው፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ ውሃ በዝቶበታል፣ ሳይሰበር ከታጠፈ ይመረግ።

የመጀመሪያው ምርጊት ከውጭ ይመታል፤ በመሃሉ ገብቶ ከውስጥ ብቅ እስኪል በመዳፍ ተጫኑት። ስስ ይሁን፤ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ካለፈ ቀፎው ለማንሳት ይከብዳል። በጥላ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ካወጣችሁት ከላይ ፈጥኖ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ከትኩስ እበትና ከተነፋ አመድ የተለወሰ ነው፤ ስንጥቁን ይደፍናል፣ ሽታውም ንብን አያስቀይምም። ውስጡ በዚህ ብቻ ይለቅለቃል። እዚህ ቸኩሎ የማለፍ ጥቅም የለም፤ በእጅ ጀርባ ስትዳስሱት የሚቧጭር እንጨት መቅረት የለበትም፣ ንብ ብቅ ያለ ጭራሮ ለመንቀል ጉልበቷን ትጨርሳለች።

በደንብ ሲደርቅ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ሊፈጅ ይችላል፣ ይታጠናል። የወይራ ወይም የጥንጁት እንጨት ፍም ላይ አድርጋችሁ ቀፎውን ድፉበት። አያቶቻችን የሚሉት ንብ ትወደዋለች ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ጢሱ የቀሩ ተባዮችን ያስወጣል፣ እርጥበቱንም ይጨርሳል።

ክዳን ቀላል ነው፦ ርብራቡ ላይ ላስቲክ ወይም ማዳበሪያ ጆንያ፣ በላዩ የሰንበሌጥ ሳር። ቆርቆሮ ብቻውን አታድርጉ፤ በቀን ያግላል፣ ሰም ይለሰልስና እንጀራው ከነማሩ ይወድቃል።

የት ይቀመጥ?

ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ባለ መደብ ላይ። የመደቡን እግሮች የተቃጠለ የሞተር ዘይት በተሞላ ጣሳ ውስጥ አቁሙ ወይም በሥራቸው አመድ ነስንሱ፤ ጉንዳን በአንድ ሌሊት ቀፎ ያስኮበልላል። ሣሩ እግሩን እንዳይነካ አጭዱ፣ ጉንዳን ሣሩን ድልድይ ያደርገዋልና። መግቢያው ወደ ምሥራቅ ቢያይ ጠዋት ፀሐይ ቶሎ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ነፋስ ፊት ለፊት እንዳይመታቸው ብቻ ተጠንቀቁ። ከመንገድ፣ ከበረት፣ በተለይም አህያና በቅሎ ከሚታሰሩበት ራቅ ይበል። የታሰረ እንስሳ ንብ ሲነሳበት መሸሽ አይችልም፤ በየገጠሩ የምንሰማው የሞተ አህያ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከገመድ ይጀምራል። ውሃ በቅርብ ከሌለ ሰፋ ያለ ገል ውስጥ ጠጠር አድርጋችሁ ውሃ ሙሉበት።

ንቡን ማስገባት

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቀፎውን አጥኖ፣ ሰም ቀብቶ፣ ከዛፍ ላይ ሰቅሎ መንጋ መጠበቅ ነው። በመስከረምና በጥቅምት መንጋ ሲወጣ ይገባል፤ ላይገባም ይችላል። ሁለተኛው ከባህላዊ ቀፎ ማዛወር ነው። ባህላዊ ቀፎ ያለው ወይም ንብ የገዛ ሰው የሚሠራው ይህን ነው።

ሰዓቱ ከምሽቱ 12 አካባቢ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። ሽቶ፣ ቅባት፣ የአረቄ ሽታ አይኑር። ልጆች ቤት ይግቡ፣ ውሻ ይፈታ፣ ዶሮ ይዘጋ። ማጨሻው ውስጥ ደረቅ ኩበት ይግባ፤ ጢሱ ቀዝቃዛና ነጭ መሆን አለበት፣ ፍንጣሪ የሚተፋ ከሆነ ክንፍ ያቃጥላል።

አሮጌውን ቀፎ ከቦታው ጥቂት ፈቀቅ አድርጋችሁ አዲሱን በዚያው ቦታ ላይ አኑሩ፤ ከመስክ የዘገዩት ንቦች የሚመለሱት ወደለመዱት ቦታ ነው። በመግቢያው በኩል በቀስታ አጭሱና ንቡ ወደ ኋላ ሲሸሽ አሮጌውን ክፈቱ። ማር ያለበት እንጀራ ለብቻው ክዳን ባለው ባልዲ ይግባ፣ ውጭ ከተንጠባጠበ የሌላ ቀፎ ንብ ለዘረፋ ይመጣል። እጭ ያለበትን እንጀራ ግን ሳይጨፈለቅ ቁረጡና ከርብራብ ጋር በጥጥ ክር እሰሩት። ናይሎን አይሁን፤ ጥጡን ንቦቹ እንጀራውን ካጣበቁ በኋላ እየበጣጠሱ ያወጡታል። ሦስት ወይም አራት እንደዚህ የታሰሩ ርብራቦች ከመግቢያው አጠገብ ተደርድረው ይግቡ። ንብ እጩን ጥሎ በቀላሉ አይሄድም።

ቀጥሎ ንቡን በለስላሳ ሳር እየጠረጉ ወደ አዲሱ ማስገባት ነው። ዓይናችሁ ንግሥቲቱን፣ በብዙ አገር አውራ የምትባለውን፣ ይፈልግ፤ ሆዷ ረዘም ይላል፣ ክንፏ ሆዷን አይሸፍንም። እሷ ከገባች ሌላው ይከተላል። መግባቷን ያላያችሁ እንደሆነ መግቢያው ላይ ተመልከቱ፦ ንቦች ቂጣቸውን ወደ ላይ ቀስረው ክንፋቸውን እያራገቡ ከቆሙ ሌላውን እየጠሩ ነው፣ አውራዋ ውስጥ ናት። በአሮጌው ቀፎ ላይ ተከማችተው ከቀሩ ግን እዚያው አለች። ርብራቡን ግጠሙ፣ ክዳኑን መልሱ፣ ለአንድ ሳምንት አትክፈቱት።

በየጊዜው ማየት

በአበባ ወቅት በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። የጭፈቃ ትልቁ ጥቅም የሚታየው እዚህ ነው፤ ርብራቦቹ ተጋጥመው ስለሚዘጉ አንዱን ስታነሱ የሚከፈተው ያች ክፍተት ብቻ ናት፣ መላው ንብ አይረበሽም። ከኋለኛው ጫፍ ጀምሩ። እንጀራውን ስታዩ ቀጥ አድርጋችሁ እንደተንጠለጠለ ያዙት፤ ሽቦ ስለሌለው ወደ ጎን ካጋደላችሁት አዲሱ ሰም ከርብራቡ ተገንጥሎ ይወድቃል።

የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ እንቁላልና እጭ አለ ወይ፣ እንጀራው ቀጥ ብሏል ወይ፣ የሰም ትል ድር ታየ ወይ። ድር ያለበት እንጀራ ወዲያው ይውጣና ይቅለጥ። ጠመም ያለ እንጀራ ገና መዳፍ ሳያህል በጣት ገፋ ተደርጎ ይቃናል፤ ካደገ በኋላ ግን ቢላዋ ይፈልጋል።

የነደፈች ንብ መርፌዋን ትታ ትሄዳለች፤ በጥፍር ፋቅ አድርጋችሁ ሳትዘገዩ አውጡት፣ በቆየ ቁጥር መርዝ ይገባልና። የነደፈችበትን ቦታ አጭሱት፣ ሽታው ሌሎቹን ይጠራልና። ከንፈሩ ያበጠ ወይም መተንፈስ ያቃተው ሰው ካለ በቤት መድኃኒት ጊዜ አይባክን፣ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሌላው ጠላት የአረምና የተባይ መድኃኒት ነው። ጎረቤት መቼ እንደሚረጭ ጠይቁ፤ ከተቻለ አመሻሽ ላይ፣ ንብ ከገባ በኋላ፣ ሰብሉም ሳያብብ እንዲረጭ ተነጋገሩ። ይህ ከቀፎ ሠሪው እጅ የወጣ ነገር ስለሆነ ቡና ጠርቶ መነጋገር ይሻላል እንጂ ክስ አያዋጣም።

ማር ቆረጣ

በአብዛኛው ደጋ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ነው። እንጀራው ሦስት አራተኛው በሰም ክዳን ካልተሸፈነ ማሩ አልበሰለም፤ ውሃ ስለሚበዛበት ይፈላል። እሱን መልሱት። የበሰለውን ስትቆርጡ ከርብራቡ ሥር አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ተዉ፤ ንቦቹ ከዚያው ቀጥለው ቀጥ አድርገው ይሠራሉ። እጭ ያለበት አይነካም። ከማሩም ሲሶው ለንቡ ይቅር። ሁሉን ቆርጦ «ቀፎዬ ኮበለለብኝ» የሚል ሰው በየመንደሩ አለ።

ዕቃው ደረቅና ክዳን ያለው ይሁን፣ ማር ከአየር እርጥበት ይስባል። በንጹሕ ሻሽ ካጠለላችሁ በኋላ የቀረው ሰፈፍ አይጣል። በጆንያ አስራችሁ በውሃ ቀቅሉት፣ ጨምቁት፣ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ረግቶ ይወጣል፤ ጧፍ ለሚሠሩ ይሸጣል፣ ለሚቀጥለው ርብራብም ይተርፋል።

አበባ በሌለበት ጊዜ

በጋው ሲገፋ፣ እንዲሁም ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲጠና፣ ንብ ይራባል። ቀፎውን ከኋላ ከፍ አድርጋችሁ መዝኑት፤ ከቀለለ ምግብ ይሰጥ። አንድ እጅ ስኳር በአንድ እጅ ለብ ያለ ውሃ ሟሙቶ፣ ወይም በሶ ወይም ሽሮ በደረቁ በሰሐን ቀፎው ውስጥ ይቀመጣል። የሚሰጠው አመሻሽ ላይ ነው፣ ዘረፋ እንዳይነሳ። የስኳሩ ውሃ ላይ ጭራሮ ወይም ጭድ ጣል አድርጉበት፣ ንቦቹ የሚቆሙበት እንዲኖራቸው፤ ጠዋት የተረፈ ካለ ሳይኮመጥጥ አውጡት።